በራስጌው የወጣው ሣጥን

ይህን የምጽፈው ላስደንቃችሁ አይደለም። ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማስረጃ የሌለውን ነገር መናገር አልወድም። ይህ ግን በዓይኔ ፊት የሆነ ነው።

የጥቅምት የመጨረሻው እሑድ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ ገና በመስኮት ትገባለች።

ቦታው በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለችው ትንሿ ከተማችን ዌልስፎርድ፣ ዳኛ ቶሊቨር ይኖርበት የነበረው ቤት ነው። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ አስጎብኚው እኔ ነኝ።

በየዓመቱ በዚህ ወር ቤቱን እንደ ጥንቱ ሐዘን እናለብሰዋለን። የግድግዳ መስታወቶቹ በጥቁር ሐር ይሸፈናሉ። በሳሎኑ መካከል የሬሳ ሣጥን ይቀመጣል። በውስጡ የሚተኛው በገለባ የተሞላ የጨርቅ አሻንጉሊት ነው። በክዳኑ ላይ ፊቱ ከውጭ የሚታይባት ትንሽ የመስታወት መስኮት አለች...

ፊቱ ዓይን የለውም።

ባለቤቴ ሎርና ጥቁር የሐር ቀሚስ ለብሳ በደረጃው ላይ ትቆማለች፤ የሟች ሚስት ሆና የምትታየው እሷ ናት። እኔም ለጎብኚዎች እንዲህ እያልኩ እተርካለሁ፦

«የጥንት ሰዎቻችን ሬሳን ከቤት የሚያወጡት እግሩን አስቀድመው ነው። በራስጌው ከወጣ ፊቱ ወደ ቤቱ ይሆናል። ያኔ ያየውን ሰው ያስከትላል።»

ጎብኚዎች ይስቃሉ። እኔም ፈገግ እላለሁ።

በዚያ ዕለት የመጨረሻዎቹ ጎብኚዎች ወጡ። አናጢው ቨርነንና እኅቱ ቴልማ ሣጥኑን በጓሮ ወዳለው ዕቃ ቤት ሊመልሱት አነሡ።

«ቨርነን፣ አዙረው እንጂ። በራስጌው እኮ ነው ያስቀደምከው» አለች ሎርና ከደረጃው ላይ።

«ለማን ብዬ? የሚያይ ሰው የለ። ኳሱ ደግሞ ሊጀመር ነው።»

ወደ እኔ ዞረች።

«ኤቨረት?»

«ገለባ ነው፤ ይውጣ» አልኩ።

ወጣ...

ደጃፉን እንዳለፉ ቴልማ ቆመች።

«አንተ ሰነፍ፣ ያዝ እንጂ። ሁሉንም እኔ ተሸክሜዋለሁ።»

«እኔ ነኝ የተሸከምኩት። አንቺማ ተደግፈሽው ነው የምትሄጂ።»

ይህን ሲባባሉ ሁለቱም በላብ ተጠምቀው ነበር። ጧት ያንኑ ሣጥን ቨርነን ብቻውን በትከሻው አምጥቶታል።

በረንዳው ላይ አስቀመጡት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። መስታወቷን እንፋሎት ሸፍኗታል።

በእጅጌዬ ጠረግኳት። አልጠራችም።

እንፋሎቱ ከውስጥ ነበር...

«እሺ... መጣሁ» የሚል የለሆሳስ ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

ሎርና ናት። ዓይኗን ከሣጥኑ ሳትነቅል ደረጃውን አንድ በአንድ ትወርዳለች።

«ለማን ነው የምትመልሺው?»

«ለአንተ ነዋ። አልጠራኸኝም?»

አልጠራኋትም።

በዚያች ቅጽበት የተማርኩት ሁሉ ከዳኝ። አንድ ነገር ብቻ ታወቀኝ፤ ያያት እሷን ነው። «ይውጣ» ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የግድ አንድ ሰው መከተል ካለበት፣ ያ ሰው ሎርና እንዳትሆን...

«በወጥ ቤቱ በር ውጪና መኪናው ውስጥ ጠብቂኝ» አልኳት። «ወደዚህ አትመልከቺ።»

ሄደች። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

«መልሳችሁ አስገቡት» አልኳቸው ሁለቱን። «ከዚያ እንደገና በራስጌው አውጡት። እሷ በቆመችበት እኔ እቆማለሁ።»

«መምህር፣ አሞሃል እንዴ?» አለ ቨርነን።

ቴልማ ፊቴን አየችው።

«ዝም ብለህ አንሣ» አለችው።

ደረጃው ላይ ወጥቼ መደገፊያውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሣጥኑ በፊቴ አለፈ። ዓይኔን ከመስታወቷ አልነቀልኩም።

«እኔን እይ» አልኩ በሹክሹክታ። «እኔን ብቻ።»

አጠገቤ ሐር ኮሽ አለ...

የግድግዳውን መስታወት የሸፈነው ጨርቅ ይሆናል ብዬ ዞሬ አላየሁም።

«ኧረ ቀለለ» አለች ቴልማ ከበረንዳው። «አሁን ገና ገለባ ሆነ።»

«መስታወቷስ?»

«ጠርታለች።»

ቨርነን ሳቀ። እኔ ግን እንባዬ መጣ። አልፏል ብዬ ነበር።

«ኤቨረት... አለቀ? እንሂድ?»

ድምፁ ከጎኔ ነበር።

ሎርና እኔ በቆምኩበት ደረጃ ላይ፣ ትከሻዬን ልትነካ ምንም ሳይቀራት ቆማለች።

«መኪናው ውስጥ አልነበርሽም?»

«ነበርኩ። ከዚያ መጥተህ በሩን ከፈትክልኝ። ‹ነይ፣ አብረን እንቁም› አልከኝ። እጄን ይዘህ አመጣኸኝ።»

«ሎርና... እኔ ከዚህ አልተንቀሳቀስኩም።»

ደረጃውን ወርዳ፣ ቨርነንንና ቴልማን አልፋ ወደ ሣሩ ወጣች።

ተከተልኳት።

ቀኝ እጇ ከጎኗ ራቅ ብሎ ተዘርግቷል፤ ጣቶቿ አንድ ነገር እንደ ጨበጡ ታጥፈዋል። ባለቤቴ ፈጣን ተራማጅ ናት፤ ሁልጊዜ የምትቀድመኝ እሷ ናት። በዚያ ቀን ግን ቀስ ትል ነበር። መራመድ የቸገረውን ሰው እንደምትደግፍ፣ በየመካከሉ ቆም እያለች...

መኪናው ጋ ስትደርስ እኔ በምቀመጥበት በኩል ያለውን በር ከፈተች።

ጥቂት ጠበቀች።

ጎንበስ ብላ የባዶውን ወንበር ቀበቶ አሠረች። ከዚያም በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።