ከሊፍቱ ጉድጓድ ያልወጣው ሰው

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ሰው «ጥላ አየሁ» ሲለኝ «አምፖሉን ቀይር» ብዬ የማልፍ፣ እንጀራዬ ሊፍት መጠገን የሆነ ሴት ነኝ፣ ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ እንዳይመስላችሁ።

አሠራራችንን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሥራ ላይ እጃችን በግራሶ ስለሚጨማለቅ ስልክ መንካት አይታሰብም፣ ስለዚህ ሥራ የማከፋፍለው ስልኬ ላይ በጫንኩት የድምፅ ረዳት ነው፣ የሦስታችንም፣ የእኔ፣ የሲሳይና የአብዲ፣ ጆሮ ላይ ኤርፎን አለ፣ «ሲሳይ ገመዱን ይይ፣ አብዲ በሩን ያስተካክል» ስል ለየሰዉ ታደርሳለች፣ ማን እንደጨረሰም ትነግረኛለች። ማዘዝ ስለምትወድ ልጆቹ «እሜቴ» ይሏታል። አንድ የማልደራደርበት ሕግ አለኝ፤ ሁሉም በገዛ ድምፁ «ወጥቻለሁ» ሳይል፣ እሜቴም «ሁሉም ወጥተዋል» ሳትለኝ ኤሌክትሪክ አልለቅም።

ያን ቀን ሲ.ኤም.ሲ አንድ አፓርታማ ላይ ነበርን፣ አመሻሽ ላይ፣ ከእንጦጦ የወረደው ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል። ጥገናውን ጨርሰን ሰባተኛ ፎቅ ላይ ቆመናል፣ አጠገባችን አባባ ቶሎሳ የሚባሉ አዛውንት ትንፋሽ አጥሯቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጃቸው ጫልቱ ሆስፒታል ልታደርሳቸው መኪና ታች አቁማ ሊፍቱን ትጠብቃለች። በየተራ «ወጥቻለሁ» አልን።

«አንድ ሰው ይቀራል» አለች እሜቴ።

«ማን?»

«ስሙን አልተናገረም።»

አብዲ ሳቀ። «ኔትወርኩ ነው ባክሽ» አለኝ። ደገምነው፣ አሁንም አንድ ሰው ይቀራል። ባትሪ አብርቼ ወደ ጉድጓዱ አጎነበስኩ፣ ማንም የለም፣ እመኑኝ፣ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ግን ከታች ብረት ብረትን ቀስ እያለ ይመታል። ስንጣራ ዝም ይላል፣ ዝም ስንል ይቀጥላል።

«ራሄል፣ በቃ ልቀቂው! ሰውዬው እየደከሙ ነው እኮ» አለ ሲሳይ።

አልዋሻችሁም፣ ፈራሁ። ግን እኔ እልኸኛ ነኝ፣ ሕጌንም አልጥስም፣ ሰውዬውም እጄ ላይ አይሞቱም አልኩ። «ከነወንበራቸው አንሷቸው፣ በደረጃ እንወርዳለን!»

ሲሳይና አብዲ ግራና ቀኝ ይዘው አነሱ፣ እኔ ባትሪ ይዤ ከፊት፣ ጫልቱ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከጎኔ። በየፎቁ ስንደርስ ያ ድምፅ በተዘጋው የሊፍት በር ጀርባ አብሮን ይወርዳል። አራተኛ ፎቅ ላይ ጠፋ። እፎይ ከማለቴ ሲሳይ «ወንበሩ ቀለለኝ» አለ፣ ድምፁ ደስ አይልም ነበር። «አታውራ፣ ውረድ» አልኩት።

ታች ደርሰን መኪና ውስጥ አስገባናቸው። አባባ ቶሎሳ ግን ትንፋሻቸው እየተቆራረጠም ቢሆን ሳይመርቁ መሄድ አልሆነላቸውም፣ እጃቸውን ዘረጉ። «አንቺ ልጄ ተባረኪ። እናንተም ሦስት ወንድማማቾች፣ ጉልበታችሁ አይድከም።»

«አሜን» አልን።

«አባዬ፣ ሁለት ናቸው» አለች ጫልቱ።

«ከኋላ ጀርባዬን የደገፈኝስ? እጁ በረዶ ሆኗል፣ አንድ ነገር አልብሱት» አሉ።

በሩ ተዘጋ፣ መኪናው ሄደ። ያኔ ጆሮዬ ውስጥ «ሁሉም ወጥተዋል» አለች እሜቴ። የሲሳይን ፊት አየሁት፣ እሱም ሰምቷል።

ዕቃችንን ሰብስበን ልንወጣ ስንል አብዲ፣ ያ ሲስቅ የነበረው አብዲ፣ ጃኬቱን አውልቆ የደረጃው መደገፊያ ላይ ሰቀለው። በካፊያ ውስጥ በሸሚዙ ብቻ እስከ ታክሲው ድረስ ተጓዘ።

አባባ ቶሎሳ ተረፉ፣ ጫልቱ በማግስቱ ማለዳ ደውላ ነገረችኝ። እኔም የጀመርኩትን አልተውም ብዬ ብቻዬን ተመልሼ ጉድጓዱን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት፣ ምንም የለም፣ ኤሌክትሪኩን ለቀቅኩ፣ ሊፍቱ እንደ አዲስ ሠራ። ከዚያ ጃኬቱን ልወስድለት ወደ ደረጃው ሄድኩ።

ጥበቃውን ጠየቅኩት። ሌሊቱን በሩ ላይ እንደነበረ፣ የገባም የወጣም ሰው እንደሌለ ማለልኝ። ጃኬቱ ግን አልነበረም።