ይቅር የሚለው ቁልፍ

ዮአብና ሐሊና የተዋወቁት በጠብ ነው፤ ለዚያውም በአንድ ፊደል ጠብ።

ዮአብ ቀን ቀን ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ሰፈር አንድ የካርጎ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይመዘግባል። ከሥራ ሲወጣ ካሳራኒ ወደተከራያት ክፍል ይገባና አሮጌ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዎች በአንድ ካርታ ላይ ከተማ የሚገነቡበትን የኢንተርኔት ጨዋታ ወደ አማርኛ የሚመልሰው እሱ ነው። ጨዋታው በነጻ የሚታደል፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ ስለነበር የፈለገ ሰው ገብቶ ያስተካክለዋል። ያመሰገነው ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን ደስ ይለው ነበር።

አንድ ቀን ከማያውቀው ሰው መልእክት ደረሰው።

«ግባ፣ ውጣ፣ ሰርዝ… ይሄ ጌም የሚያናግረው ወንድ ብቻ ነው እንዴ?»

«ወንድሜ፣ ምን ላድርግ፣ አማርኛ እንዲህ ነው» ብሎ መለሰ።

«ወንድምህ አይደለሁም። ችግሩም እሱ ነው።»

ዮአብ ብቻውን ሳቀ። ሲጠያየቁ እሷም እዚያው ናይሮቢ ናት፤ እናቷ ወይዘሮ እታገኘሁ ፓርክላንድስ ምግብ ቤት አላቸው። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ልጅ ስለሆነች አማርኛዋ ከስዋሂሊ ጋር የተጋባ ነው። እሺ ለማለት ሁልጊዜ «ሳዋ» ነበር የምትለው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሻይ ቤት እየተገናኙ ቃላቱን መለወጥ ያዙ። «ግባ» «መግቢያ» ሆነ፤ «ውጣ» «መውጫ»። «ሰርዝ» ላይ ሲደርሱ ግን «መሰረዣ» አልጣማቸውም፤ ሌላ ቃል ጠፋ።

«‹ይቅር› ቢሆንስ?» አለች ሐሊና። «ለወንድም ለሴትም ይሆናል።»

«ይቅር» አለ ዮአብ ቃሉን እየሞከረ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ሁለቱም ቶሎ ብለው ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቃላት የሚያወሩት እየቀነሰ ሄደ።

ከወራት በኋላ ሞምባሳ ውስጥ የተሻለ ሥራ ሲያገኝ መልሱን ያዘገየው በእሷ ምክንያት ነው። እሷም ይህን ስለምታውቅ ነገሩን ለእናቷ አነሣች።

«እማዬ ልታይህ ትፈልጋለች። እሑድ ለምሳ ና» አለችው። «ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ የሚውል ሰው ትዳር አይሆነውም ብላለች። መንገዱ ጃም ነው፣ ታክሲው ማታቱ ጠፋ ብለህ እንዳታሳፍረኝ።»

«እመጣለሁ።»

አልመጣም። የዚያን እሑድ የጨዋታው አዲስ እትም ወጥቶ፣ ዮአብ በጻፈው ስሕተት የተነሣ በአማርኛ የሚጫወቱት ሁሉ መግባት አቃታቸው። አሥር ደቂቃ ብሎ ተቀመጠ። ቀና ሲል ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ሐሊና ስድስት ጊዜ ደውላለች።

ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሣችለትም። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ጨዋታው ውስጥ ስሟን አየ። ፈጥኖ ጻፈ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። እናትሽንም አንቺንም ይቅርታ ልጠይቅ። እሑድ ልምጣ?»

ብዙ ጠበቀ። አንድ ቃል መጣለት፦ «ይቅር»። ወዲያው ስሟ ጠፋ።

ዮአብ ቃሉን ደጋግሞ አየው። ሁለቱ አብረው መርጠው በቁልፍ ላይ ያስቀመጡት ቃል ነው፤ ትርጉሙን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አንዴ ቢደውል ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ኩራትም ፍርሃትም ያዘውና አልደወለም። ሰኞ ለሞምባሳዎቹ እሺ አላቸው፤ ጨዋታውንም ተወው።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ለሥራ ናይሮቢ መጣ፤ እግሩ ፓርክላንድስ፣ ወይዘሮ እታገኘሁ ምግብ ቤት አደረሰው። ሐሊና ባንኮኒው ጋ ቆማ ነበር። ጣቷ ላይ ቀለበት አለ።

ሰላምታ ተለዋወጡ።

«ሁለተኛዋንም እሑድ ጠብቀንህ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። «እማዬ እንደገና ምሳ አዘጋጅታ፣ ራሷ ጠረጴዛ አስለቅቃ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አላነሣችውም።»

«ይቅር አልሽኝ እኮ» አለ ዮአብ።

«አዎ፣ ይቅር አልኩህ።»

መጀመሪያ የገባው ለእሱ ነው። ከዚያ የሐሊና ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ቁልፉ?» አለች።

«ቁልፉ።»

«እማዬ ከሰው ስትታረቅ ‹ይቅር ለእግዚአብሔር› ትላለች፤ እኔ የማውቀው እሱን ነው።» ቀለበቷን አሽከረከረች። «ሳዋ ልልህ ነበር እኮ። ጽፌው ነበር። ዛሬስ እሱ በሚወደው አማርኛ ልመልስለት ብዬ አጠፋሁት።»

ከወዲያ ደንበኛ ጠራት።

«ፖሌ፣ ዮአብ» አለችው፤ ይቅርታዋን በስዋሂሊ ተናግራ ሄደች።

ዮአብ ወዳረፈበት ቤት ተመልሶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። የጨዋታውን የቃላት ፋይል አወጣ። ቃሉ በቦታው አለ፤ አጠገቡም የመረጠችው ሰው ስም፣ ሐሊና። ቃሉን አጥፍቶ በምትኩ «ሰርዝ» ብሎ ጻፈ። የጨዋታው የራሱ ማረሚያ ፕሮግራም እንደ ልማዱ ጠየቀው።

«ለውጡ ይቀመጥ?»

ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፦ «ይቀመጥ» እና «ይቅር»።

ዮአብ «ይቅር» የሚለውን ተጫነ፤ የሐሊና ቃል በቦታው ቀረ።