ሞተሩ የሚተነፍስበት ቀዳዳ

«እንግዲህ ያዙ!» አለ አዴር ዐብዲወሃብ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ።

ኢክራን ከኋላ ወንበር ሆና ወንዙን አየች። ጠዋት ወደ ቶጎጫሌ ሲሄዱ አቧራ ብቻ የነበረው ወንዝ አሁን ቡናማ ጎርፍ ይዞ ይወርዳል። እነሱ ባሉበት አንድ ጠብታ አልጣለም፤ የዘነበው ከላይ ኮረብታዎቹ ላይ ነው። አንድ አይሱዙ ውሃውን እየሰነጠቀ ተሻገረ። ቀጥሎ ተራው የእነሱ ትንሽ መኪና፣ የማርክ ቱዋ ነው።

አዴር የሚሉት የአባቷ ወንድም ዐብዲወሃብ በዚህ መንገድ በዚህችው መኪና ሲመላለስ ዓመታት አልፈዋል። ውሃው የጎማውን እኩሌታ ካላለፈ እንደሚሻገር ያውቃል። መኪናዋ የድሮዋ መኪና ብትሆን ኖሮ እውነቱን ነበር። ግን አይደለችም።

ባለፈው ወር አዴር ደገሀቡር ሲሰነብት፣ ታላቅ ወንድሟ ሳሃል ኮፈኑን ከፍቶ የልቡን አድርሷል።

«ስሚ» ብሏት ነበር፣ ዓይኑ እያበራ። «ኮፈን ሥር ያለው አየር የጋለ ነው። የጋለ አየር ደግሞ ስስ ነው፤ ሞተሩ ቢስበውም አይጠግብም። ቀዝቃዛ አየር ግን እምቅ ነው። በአንድ ትንፋሽ ብዙ ኦክሲጅን ይገባል፣ ብዙ ቤንዚን ይነድዳል። ጉልበት ማለት ይኸው ነው! የውድድር መኪኖችም ምስጢራቸው ይሄ ነው።»

ከዚያ የፊት መብራቱ አጠገብ ከፍ ብሎ የተቀመጠውን የአየር መሳቢያ ፈታው። በምትኩ ወፍራም ቱቦ ቁልቁል አውርዶ፣ ጫፉን ከነማጣሪያው ከፊት መከላከያው፣ ከፓራውልቱ ሥር፣ ነፋሱ በሚመታው ቦታ ደበቀው። እውነት ለመናገር መኪናዋ ሜዳው ላይ ተወንጭፋለች።

«ውሃ ቢጠጣስ?» ብላው ነበር ኢክራን።

«በዚህ አገር ውሃ ካገኘሽ ለእኔም ንገሪኝ!» ብሎ ሳቀባት።

ይኸው ውሃው! አየር ይታመቃል፤ ውሃ አይታመቅም። ቱቦው ውሃ ከሳበ፣ ሞተሩ ውስጥ ፒስተኑ ሊጨምቀው ሲሄድ እምቢ ይለዋል፤ የሚጎብጠው ብረቱ ነው። ከዚያ በኋላ ሞተር የለም። ጎርፍ መሃል ቆሞ መወሰድ ብቻ ነው።

የሳሃልን ወንበር ከኋላ በእግሯ መታችው። «ንገረው» አለች በሹክሹክታ።

ሳሃል አልዞረም። ማጅራቱ በላብ ረጥቧል። አዴር ሞተሩን እንዳይነካ አስምሎት፣ በክረምቱ ድሬዳዋ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሊያስገባው ቃል ገብቶለታል። ካወቀ ድሬዳዋ ቀርቶ ጉናጋዶ ገጠር ወርዶ ግመል ጥበቃ ነው።

«ምንድነው እሱ?» አለ አዴር፣ ማርሽ እያስገባ።

«ፈርታ ነው፣ አዴር። ዝም ብለህ ሂድ» አለ ሳሃል። ጨርሶም ሳቅ አለ።

የኢክራን ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። የአዴር ትንሹ ልጅ ጉሃድ አፉን ከፍቶ እቅፏ ውስጥ ተኝቷል። ይህን ሕፃን ጎርፍ ውስጥ ሊከት ነው፤ ደግሞ ይስቃል!

በሩን በርግዳ ከነልጁ ወረደች። መኪናዋ ፊት ሄዳ ቆመች። የጎርፉ ጠርዝ ቁርጭምጭሚቷን ነካት። ከኋላ ክላክሱ ቀለጠ።

«ኧረ አንሷት!» ብሎ ጮኸ ከኋላቸው የቆመው የጫት ፒካፕ ሹፌር። «ጎርፉን ልታገባው ነው እንዴ የቆመችው?»

«አንቺ ልጅ አብደሻል?» አዴር ሽርጡን ሰብስቦ ወረደ። «ግቢ! ውሃው እየጨመረ ነው!»

«አልገባም። ሳሃል ይውረድና ይናገር።»

ሁለቱም ሳሃልን አዩት። ሳሃል ጉልበቱን አየ።

ኢክራን ጎንበስ ብላ እጇን ከፓራውልቱ ሥር ሰደደችና የቱቦውን አፍ ያዘች። «አዴር፣ ሞተሩ አሁን የሚተነፍሰው በዚህ ነው። ሳሃል ነው የቀየረው።»

አዴር ተንበርክኮ አየ። ዓይኑ ከቱቦው ወደ ውሃው ሄደ፤ በመካከላቸው ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ገብቶ መኪናዋን ወደ ኋላ አሸሻትና ደረቅ መሬት ላይ አጠፋት። ፒካፑ እየጮኸ በጎናቸው አለፈ።

ሳሃል ወረደ። «ጉድ ሠራሽኝ» አላት ጥርሱን ነክሶ። ልትመልስለት የፈለገችው ስድብ ብዙ ነበር።

አዴር መጣ። ድምፁ ቀስ ያለ ነው፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «ልጄን ታቅፈሽ ጠዋት በዚህች መኪና ወጣሽ። ታውቂ ነበር?»

ሳሃል ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ጎርፉ አዞረ። እሱ አይናገርባትም። ዛሬ ገና ነው ያየሁት ብትል የሚጠይቃት የለም።

ጉሃድን ለአባቱ አቀበለችው።

«ቱቦውን ሲገጥም ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ» አለች። ሄዳም ሳሃል አጠገብ ቆመች።