በመጀመሪያው ጥሪ አቤት የሚል በር

ሰው ስለ መንፈስና ስለ ጥላ ሲያወራኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ገመዱ የት ነው የተሰካው?» ብዬ ነው፣ ሥራዬ ኔትወርክ መዘርጋት ነዋ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከመሰላል መሰላል ሲወጡ የሚውሉ ሰዎች አሉ አይደል፣ አንዷ እኔ ነኝ፣ እና በዚህ ሥራ አሥር ዓመት ስቆይ «በራሱ ጠፋ»፣ «በራሱ በራ» ተብዬ የተጠራሁበት ነገር ሁሉ መጨረሻው ወይ አይጥ የበላው ሽቦ ወይ ሰው የነቀለው ሶኬት ነው። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ በሳቅ እፈርስ ነበር፣ እናንተም ብትስቁ አልቀየማችሁም። ደግሞ ጨለማ ምናምን አትጠብቁ፣ ነገሩ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው።

የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው፣ ቀሐ ሰፈር፣ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ። እናቴ ወይዘሮ ትርንጎ የዳባት ገጠር ልጅ ናት፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ደም ግፊትም አለባት፣ ከቤታችን እስከ ግቢው በር ለእኔ ሠላሳ እርምጃ ነው፣ ለእሷ ግን በከዘራ፣ እያረፈች፣ አንድ ጉዞ ነው። በዚህ ላይ ደንብ አላት። ከውጭ ስሟን የሚጠራ ሰው ሦስት ጊዜ ካልጠራት አቤት አትልም። የእናንተም እናቶች ይህን ሳይነግሯችሁ አልቀሩም፣ የእኔዋ ግን መንገር ብቻ ሳይሆን ትቆጥራለች፣ እመኑኝ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያታለሁ።

«ሰው ከሆነ ሦስተኛውን ይጠራል፣ ያ ግን ከሁለት አያልፍም፣ ሦስተኛው የሥላሴ ነው። በሁለቱ አቤት ያለውን ይዞ ይሄዳል» ትላለች። «ያ» ማን እንደሆነ ስጠይቃት «በቀትር ስሙን አታስጠሪኝ» ብላ ፊቷን ታዞራለች።

ችግሩ የዛሬ ሰው ሦስት ጊዜ አይጠራም፣ አንዴ አንኳኩቶ ስልኩን እያየ ይሄዳል። ቆጣሪ አንባቢው ስንቴ ተመልሷል፣ የዕድሩ መልእክተኛም እንደዚያው። ለዚህ ሁሉ ግድ አልነበረኝም፣ አንድ ጊዜ ግን ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄጄ ሳለ መድኃኒቷን የሚያመጣላት ሰው ሁለቴ ጠርቶ ሲታክተው ሄደ፣ እሷም አልነገረችኝም፣ በሁለተኛው ቀን ስመለስ ግድግዳ ይዛ ቆማ፣ ዓይኗ ፈዞ፣ ስሜን ለማስታወስ ስትታገል አገኘኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም።

እና ስማርት ደወል ገዛሁ። ካሜራ አለው፣ ድምፅ ማጉያ አለው፣ ሰው በሩን ሲጠጋ ወይም ሲጣራ የተቀዳለትን መልስ ራሱ ይናገራል፣ ለእኔም ስልኬ ላይ ይነግረኛል። እናቴ እነዚህን ነገሮች አትወድም፣ እውነት ለመናገር ምክንያት አላት፣ ከዚያ በፊት በጭብጨባ የሚበራ አምፖል ገጥሜላት መዝሙር ከፍታ ስታጨበጭብ ቤቱ ሲበራ ሲጠፋ፣ ሲበራ ሲጠፋ፣ መጨረሻ ላይ «አምላኬን ላመስግን ወይስ ለአምፖልሽ ላጨብጭብ?» ብላ አስነቅላኛለች። ይሄኛው ግን ሌላ ነው አልኋት፣ ይሄኛው ለጉልበትሽ ነው።

«ድምፅሽን ልቅዳና እሱ አቤት ይበልልሽ» ስላት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ድምፄን ለግድግዳ አልሰጥም።»

«እሺ፣ የራሴን እሰጠዋለሁ» አልኋትና በሩ ላይ ቆሜ፣ ደስ በሚል ቅላጼ፣ «አቤት፣ መጣሁ!» ብዬ ቀዳሁ።

ጆሮዋን አዘንብላ ስትሰማ ቆየችና «በስንተኛው ጥሪ ነው የሚመልሰው?» አለችኝ።

«በመጀመሪያው ነዋ እማዬ፣ ጥቅሙ እኮ እሱ ነው።»

«ምነው ሦስት ቢጠብቅ? እንዲቆይ ማድረግ አይቻልም?»

«አይቻልም» አልኋት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይቻል ነበር። መልሱን እስከ ግማሽ ደቂቃ የሚያዘገይ ማስተካከያ ነበረው፣ አይቼዋለሁ፣ አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነበር፣ ግን እልህ ያዘኝ፣ በእኔ ዕቃ ላይ የእሷን ቆጠራ ማስገባት አስጠላኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል ሸጋ ሆኖ ሠራ፣ ይሄን አልክድም። መድኃኒቷ በሰዓቱ መጣ፣ ቆጣሪው ተነበበ፣ ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤታችን አያ ሞላ ሳይቀሩ ከሥራ ስመለስ «ሰብለ፣ አሁን በደጅሽ አናግሬሽ ነበር፣ መንታ ወልዳለች እንዴ ትርንጎ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር። እናቴ ግን በሩ በድምፄ «አቤት» ባለ ቁጥር የያዘችውን ታስቀምጥና ታማትባለች።

ያ ቀን ቅዳሜ ነበር። የወንዙ ውኃ ሳስቷል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። እናቴ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ አጠገቧ ተጋድሜ ስልክ እነካካለሁ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ስልኬ «በር ላይ ሰው አለ» አለኝ። ከፍቼ አየሁት፣ ሰው የለም። አቧራው መንገድ ይታያል፣ ማዶ አያ ሞላ ከዛፉ ሥር ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ በቃ። ድመት ይሆናል አልሁ፣ ስልኩን አስቀመጥሁ።

ከዚያ ከበሩ በኩል «ትርንጎ!» የሚል ሰማሁ።

ልብ በሉ፣ እናቴን በባዶ ስሟ የሚጠራ ሰው የለም። ጎረቤቱ እትዬ ትርንጎ ነው የሚላት፣ ቄሱም ቢሆኑ በክርስትና ስሟ ነው፣ አያ ሞላ እንኳ ለቀልድ ካልሆነ አይደፍሩም። ድምፁ የወንድ ይሁን የሴት ዛሬም ድረስ መናገር አልችልም፣ ብቻ ብዙ መንገድ የመጣ ሰው ድምፅ ነበር። እና ወዲያው፣ ትንፋሽ ሳይሰጥ፣ የእኔ ድምፅ ከበሩ «አቤት፣ መጣሁ!» አለ።

የእናቴ እጅ ምስሩ ላይ ቀረ።

«ትርንጎ!» አለ ደግሞ፣ አሁን ቀስ ብሎ።

«አቤት፣ መጣሁ!» አልሁ እኔ ከበሩ፣ ያው ደስ በሚለው ቅላጼ።

የእናቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፣ ሁለት። ሦስተኛውን ጠበቅን። ተጋድሜ የነበርሁት እኔ፣ ገመድ ፈላጊዋ፣ ቁጭ ብዬ ሦስተኛውን ከእናቴ ጋር ስጠብቅ ራሴን አገኘሁት፣ ጥሪው እንዲመጣ ለመንሁ ብል ይሻላል፣ ከመጣ ሰው ነዋ። አልመጣም። ማንም ሳይጠራ ግን በሩ ለሦስተኛ ጊዜ መለሰ፣ «መጣሁ» አለ፣ አቤት የለውም፣ ደስታ የለውም፣ ዝቅ ብሎ፣ ደክሞት፣ የእኔ ድምፅ፣ እኔ ያልቀዳሁት።

እናቴ አፌን በእጇ ያዘች። ዓይኗ ከንፈሬ ላይ ነበር፣ የተናገርሁት እኔ አለመሆኔን ልታረጋግጥ።

እጇን አላቅቄ ሮጥሁ፣ ከኋላዬ «ሰብለ! አትክፈቺ!» ስትል እየሰማሁ በሩን ከፈትሁት። መንገዱ ባዶ ነው። አያ ሞላ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አዩኝ።

«አያ ሞላ፣ ማን ነበር በር ላይ?»

«ማንም አልነበር፣ ልጄ። ዓይኔን ከደጃችሁ አልነቀልሁም።»

«እናቴን የጠራ ሰው አልሰሙም?»

«የጠራ አልሰማሁም፣ አንቺ አቤት ስትይ ነው የሰማሁ። ለማን ነው ሦስት ጊዜ መጣሁ የምትይ ብዬ ሲገርመኝ ነበር።»

ቅጂውን ከፈትሁት፣ ሥራዬ ነው፣ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግራችሁም። ጥሪው የለም። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት፣ ሁለት ጊዜ በደስታ፣ አንድ ጊዜ በድካም። ኔትወርክ ሲደክም ድምፅ ይጎተታል፣ ግማሹ ይቆረጣል፣ ይህን ለሰው ሁሉ የማስረዳው እኔ ነኝ፣ ለራሴም አስረዳሁ፣ አልገባኝም።

ስመለስ እናቴ ምስሩን ደፍታው ነበር።

«እኔን ጠራ፣ አንቺ አቤት አልሽ» አለችኝ፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

«ድምፁን አወቅሽው እንዴ?»

የተደፋውን ምስር በእጇ መሰብሰብ ጀመረች።

«እማዬ፣ አወቅሽው?»

«ተይው አልሁሽ» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፣ እያለቀሰች እንደሆነ ያወቅሁት ትከሻዋን አይቼ ነው። ያን ጊዜ ይቻል እንደነበር፣ እንዲዘገይ ማድረግ እችል እንደነበር ልነግራት አፌን ከፈትሁ፣ አልቻልሁም። እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።

ደወሉን በዚያው ቀን ነቀልሁት፣ ባትሪውን አውጥቼ፣ ድምፄን ሰርዤ፣ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት፣ እሷም መሳቢያውን ጠበል ረጨችው። መድኃኒቷን አሁን ራሴ ወደ ገበያው፣ አራዳ ወርጄ ነው የማመጣው። በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ።

ያላበቃው በእናቴ ዘንድ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም «ሰብለ!» ብሎ ሲጠራኝ፣ ጎረቤትም ይሁን የሥራ ባልደረባ፣ ገና ስሜ ሳያልቅ እሷ ካለችበት «አቤት!» ትላለች። በመጀመሪያው ጥሪ። ያቺ በከዘራ የምትሄድ ሴት ከጓዳ እየሮጠች ትወጣለች፣ አንዴ ደፍ ላይ ወድቃ ክንዷ ተልጧል። ሰው ይስቃል፣ ጆሮዋ ነው ይላል። እኔ ግን አንድ ቀን ተናድጄ «እማዬ፣ እኔን እኮ ነው የጠሩት!» ስላት «አውቃለሁ» አለችኝ፣ ረጋ ብላ።

ባለፈው ማክሰኞ ቢሮ ሳለሁ መድኃኒቷን መዋጧን ለመጠየቅ ደወልሁላት፣ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር።

«ውጫለሁ። ሥራ ላይ ነሽ አይደል?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ምንም፣ አሁን በደጅ ጠርተውሽ ነበር። እኔ አቤት ብያለሁ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

«ማን ነው የጠራኝ?» አልሁ። «ስንት ጊዜ ጠሩ እማዬ?»

«አልቆጠርሁም» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፈቃድ ወስጄ ቤት ነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ አጠገቧ ተቀምጬ ነው፣ እሷ ምስር ትለቅማለች፣ ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀራል። የእሷን ስም ከጠሩ እኔ ልቀድማት፣ የእኔን ከጠሩ እሷ ልትቀድመኝ፣ ሁለታችንም ወደ በሩ ጆሯችንን ሰጥተን፣ አንዳችን የሌላችንን አፍ እየጠበቅን ነው።