ያልደመቀው ብርሃን

ዶክተር ወልደዮሐንስ ከፊዚክስ ሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ሞቶ ሲገኝ ዲላ ላይ ዝናብ ያካፋ ነበር። ኢንስፔክተር ሳዕዳ እናቷን ከቀበረች ወዲህ ነገር ሁሉ ከሩቅ ነው የሚሰማት፤ አስከሬኑንም እንደዚያው አየችው። ከዚያ ወደ ወደቀበት በረንዳ ወጣች። አጥሩ ደረት ይደርሳል። ጠረጴዛ ላይ የተዘጋ ላፕቶፕ፣ ፊት ለፊቱ ጎን ለጎን የተሳቡ ሁለት ወንበሮች አሉ።

«ኢንተርኔት በዞኑ ሁሉ እንደጠፋ ነው» አለች የሟቹ ተማሪ ሮሆቦት። «እዚህ ጫፍ ላይ ብቻ አልፎ አልፎ ይይዛል። ዶክተር ወልደዮሐንስ መረጃ እያወረዱ ነበር።»

«የምን መረጃ?»

«በአንድ ሩቅ ጋላክሲ መሃል ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አለ። ከእሱ የሚወነጨፈው ጨረር በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይደምቅና መልሶ ይደበዝዛል። እሳቸውና ዶክተር መላኩ፣ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች እርስ በርስ ስለሚዞሩ ነው ብለው ጽፈዋል። ዘንድሮ መድመቅ አለበት። መረጃው የሚላከው ለእሳቸው ብቻ ነው።»

«ደመቀ?»

«አላወቅንም።»

ሚስቱ ጸሐይ ቡሌ ከተማ፣ ወላጆቿ ዘንድ ነበረች፤ ስትደርስ አላለቀሰችም። «ከሰዓት ደውሎልኝ ነበር። "እየወረደ ነው፣ ሲያልቅ እነግርሻለሁ" አለኝ። አልደወለም።»

ባልደረባው መላኩ አመሻሹ ላይ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ጨለለቅቱ ከተማ እንደነበረ ተናገረ።

«ራሱን ነው የጣለው» አለ ቀስ ብሎ። «ይህን ያህል የደከመበት ብርሃን ሳይደምቅ ሲቀር ሰው ተስፋ ይቆርጣል።»

ሳዕዳ ያለውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

በማግስቱ ባለሙያ ላፕቶፑን ከከፈተው በኋላ ሦስቱን በትምህርት ክፍሉ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ብርሃኑ አልደመቀም» አለች።

ሮሆቦት ደንግጣ ቀና አለች። ጸሐይ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሮሆቦት አሁን ነው የሰማችው። ዶክተር መላኩ ግን ትናንት ነግረውኛል። መረጃው ለሟቹ ብቻ ነው የተላከው፤ ላፕቶፑም በይለፍ ቃል ተዘግቶ ነበር። ስልክ ደውሎ ነግሯቸው ይሆን ብዬ አየሁ፤ የመጨረሻ ጥሪው ለባለቤቱ ነው፣ ያኔም ገና እየወረደ ነበር። ስለዚህ ውጤቱን ሊያውቅ የሚችለው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው ሁለት ወንበር አይስብም። ያንን አጥርም ሰው ካልገፋው በድንገት የሚያልፈው የለም። ጨለለቅቱ አልነበሩም፣ ዶክተር።»

መላኩ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ዶክትሬቴ የቆመው በዚያ ዑደት ላይ ነው» አለ። «ዑደት የለም፣ ተሳስተናል ብሎ በስማችን ሊጽፍ ነበር። እንዲቆይ ለመንኩት።»

ጸሐይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ ዞረች።

«ውጤቱን ሲያይ አዝኖ ነበር?»

«አልከፋውም። እየሳቀ ነበር። "እንግዲህ እንደ አዲስ እንፈልጋለን" አለኝ። ሳቁን ነው ያልቻልኩት።»

ሳዕዳ የሚሰማት ነገር ካለ ብላ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ተነስታ መላኩን ለሚወስዱት ፖሊሶች በሩን ከፈተች።

ጸሐይ ራሷን ነቀነቀች።

«አዎ፣ እሱ እንደዚያ ነው» አለች፤ በሕይወት ስላለ ሰው እንደምታወራ።