የእሁድ ማታው ገዳይ

«ይጩኽ፣ ተይው!» አሉ የሜርለ አያት ኦፓ ሃርትሙት፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ። «እሁድ በዚህ ሰዓት የሚደውል ሰው ወይ ቤቱ እየተቃጠለ ነው፣ ወይ ባለጌ ነው።»

ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሜርለ ትስቅ ነበር። የወንጀል ድራማው ሲጀምር በጀርመኗ ከተማ በቦኹም ማንም ለማንም አይደውልም፤ የሕንፃው ደረጃ እንኳ ጭር ይላል።

ቴሌቪዥኑ ላይ ሽማግሌው መርማሪ ፖሊስ ኮሚሳር ግሬበ ወጣቷን ረዳቱን ያመናጭቃታል። «ማሰብ ካቃተሽ ዝም ማለት ልመጂ!»

አያቷ ተንከተከቱ። ከግሬበ ጋር አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሲያመሰግኑ የሚሳደቡ ይመስላሉ። ግሬበ ረዳቱን «ባልደረባዬ» የሚላት ከስንት አንዴ ነው። ሜርለም ያቺን ቃል ከአያቷ አፍ ለመስማት ስትል ነበር ማጭበርበር የጀመረችው።

ጨዋታቸው ቀላል ነው። ድራማው ሳይጋመስ እያንዳንዳቸው የቢራ ብርጭቆ በሚቀመጥበት ክብ ካርቶን ላይ የገዳዩን ስም ጽፈው ይደፉታል። ሲያልቅ ይገለበጣል። የተሸነፈ ዕቃ ያጥባል። ትምህርት እንደተከፈተ ሜርለ ድራማው ከአርብ ጀምሮ በስልክ እንደሚታይ ደረሰችበት። አንድ ጊዜ ብቻ ብላ አየችው። ከዚያ በኋላ ዕቃ አጥባ አታውቅም።

«ለእናትሽ ንገሪያት» አሉ ኦፓ ዳቧቸውን እየቆረሱ። «ግባ ወደምትለኝ የአረጋውያን መኖሪያ ለመሄድ ኦፓ እሺ ብሏል በያት።»

ሜርለ የያዘችውን የኮመጠጠ ኪያር ሳህኑ ላይ መለሰችው። «ለምን?»

«ትራም ስነዳ ትኬት ያልቆረጠውን ከፊቱ ነበር የማውቀው። አሁን ቴሌቪዥን ላይ የሚዋሸውን እንኳ መለየት አቃተኝ። ጭንቅላቴ እየከዳኝ ነው። ምድጃ ከፍቼ እስክረሳ ልጠብቅ?»

«ድራማ እኮ ነው፣ ኦፓ! ድሮም ይሳሳቱ ነበር።»

«ድሮ አብረን ነበር የምንሳሳተው።» ትከሻዋን በቡጢ ነካ አደረጓት። «አትዘኚ። ያንቺ ጭንቅላት ገና ይሠራል፣ ባልደረባዬ።»

ቃሏ መጣች። የሜርለ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ግሬበ ከተጠርጣሪው ፊት ተቀምጦ ፖም ይልጣል። ሲመረምር ጥያቄ አይጠይቅም፤ ሰውዬው ራሱ እስኪናገር ዝም ይላል። ኦፓም ዝም ብለዋል። እሳቸው ግን ማንንም እየመረመሩ አልነበረም፤ ዳቧቸው ላይ የጉበት ቋሊማ እየቀቡ ነው። ቢጠረጥሯት በተሻለ ነበር።

«አትጽፊም እንዴ? ሊጋመስ ነው» አሉ የራሳቸውን ካርቶን እየደፉ።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነው ገዳዩ። ሜርለ ከአርብ ጀምራ ታውቃለች። እስክሪብቶውን አነሳች፤ የገዳይ ስም በሚጻፍበት ቦታ «እኔ» ብላ ጻፈች። ደፋችውና ወደ አያቷ ገፋችው።

«ይገልብጡት።»

«ገና አላለቀም እኮ! ሕጉ የት ሄደ?»

ሜርለ ሪሞቱን አንስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ኦፓ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። በግድግዳው በኩል የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል፤ እዚያ ድራማው ቀጥሏል።

«ይገልብጡት፣ ኦፓ» አለች። «ከዚያ የቀረውን እነግርዎታለሁ።»