ከመስኮት ወደቀ የተባለው የአበባ ሳጥን

አሮጊቷ ሮዝማሪ በጓሮው ድንጋይ ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የጄራኒየም አበባ ሳጥናቸው ተሰባብሯል። መርማሪ ሬጉላ ከበርን ከተማ ስትደርስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት፤ ሰው ለመፍረድ መቼም አይሰንፍም። የውርጩ ክረምት ከመግባቱ በፊት አበቦቹን ወደ ምድር ቤት ለማውረድ ሳጥኖቹ ከመስኮት ብረት የታሰሩበትን ሽቦ በየዓመቱ የሚፈቱት ተከራይዋ ወይዘሮ ፍሬኒ ናቸውና፣ ጥፋቱ የእሳቸው ሆነ።

የሟቿ የወንድም ልጅ ኡርስ ቁርጥ አድርጎ ተናገረ። «ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከዚህ ቤት ስወጣ ሳጥኑ የጓሮው መስኮት ላይ ነበር። እኚህ ሴትዮ ሽቦውን ፈትተው ጥለውት ሄዱ። አክስቴ ላንሳ ሲሉ ይዟቸው ወርዷል።»

«ምን አመጣህ?» አለች ሬጉላ።

«ቤቱን ስለመሸጥ ልናወራ። ላስብበት ብለውኛል።»

«እሷ?» አሉ ጎረቤቱ ሽማግሌው ኮቢ። «በአጥር ሠላሳ ዓመት ስንካሰስ አንድ ቀን አላሰበችበትም።»

«ጠላቶች ነበራችሁ ማለት ነው?»

«ነበርን እንጂ። ከእንግዲህ ፍየሎቼን ማን ይሰድብልኛል?» ፊታቸውን አዞሩ።

ወይዘሮ ፍሬኒ ሽርጣቸውን እየጠመዘዙ ነበር። «ሳጥኑን ከፈታን ሦስት ሳምንት ሆኖናል። አብረን ምድር ቤት አወረድነው፤ ይመስለኛል። ዘንድሮ ግን ቁልፌን እንኳ የት እንዳኖርኩ እረሳለሁ። ዛሬ ፈትቼው ይሆን እንዴ፣ ልጄ? እኔ ገድያት ይሆን?»

ሬጉላ መቀመጥ አቃታት። የጓሮው መስኮት ጫካ እንጂ ሰው አያየውም፤ ምስክር የለም። ጓሮ ወረደች፤ መስኮቱ ጋ ወጣች፤ ተመልሳ ምድር ቤት ገባች። እዚያ የተከረከሙት ጄራኒየሞች በየሳጥናቸው ተደርድረው ጨለማ ውስጥ ተኝተዋል። በመካከላቸው አንድ ክፍት ቦታ አለ፤ ዙሪያው አቧራ፣ መሃሉ ንጹሕ።

ሁሉንም ወጥ ቤት ሰብስባ፣ ከስብርባሪው ያነሳችውን አንድ ጉቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ኮቢ፣ ጉቶው ላይ ያለው ይህ ምንድነው?»

«ነጭ ቡቃያ። ጨለማ ውስጥ የከረመ ድንች እንደሚያወጣው።»

«መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የሰነበተ ተክልስ?»

«አረንጓዴ ነዋ።»

«እንግዲህ ይህ ተክል ሳምንታት ምድር ቤት ከርሟል። የተነሳበት ቦታም ባዶ ነው። ዛሬ ጠዋት መስኮት ላይ አልነበረም፤ ሮዝማሪ ከወደቁ በኋላ አንድ ሰው አውጥቶ ወረወረው። ኮቢ አየሁት አላሉም። ወይዘሮ ፍሬኒ ጥፋተኛ ነኝ ብለው እየፈሩ እንኳ አየሁት አላሉም። አየሁት ያልከው አንተ ብቻ ነህ፣ ኡርስ።»

ኡርስ በሩን አየ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«እያናገርኳት መስኮቱን ከፍታ ጀርባዋን ሰጠችኝ» አለ። «ሁልጊዜ ጀርባዋን ነው የምትሰጠኝ። ገፋኋት።»

ሲወስዱት ፍሬኒ ቀና ብለው አላዩትም። ዓይናቸው ጉቶው ላይ ነበር።

«ሦስት ሳምንት ነው ብዬ ነበር» አሉ።

«ብለው ነበር። ልክ ነበሩ።»

ያን ጊዜ አለቀሱ። ሬጉላ አንዱን ጉቶ ለማስረጃ አስቀርታ የቀሩትን ሰጠቻቸው። ፍሬኒ በሽርጣቸው ሰብስበው፣ ውርጭ ሳይነካቸው ወደ ምድር ቤት ይዘዋቸው ወረዱ።